ስለ ቀረጡ ከሽያጩ በፊት ንገሯቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁን ሁልጊዜ ከሀበሻ ሱቅ ከእንጀራ ጋር ነው የምወስደው። ባለፈው እትም የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወንድማችን የጻፈውን አነበብኩና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በኢንተርኔት ዕቃ የምትሸጡ ሁሉ አሜሪካ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ሽጡ፣ ውጭ ያለ ገዢ ጣጣው ብዙ ነው፣ ግማሹም አጭበርባሪ ነው ይላል። ንዴቱ ይገባኛል። ጀርመን ላለች ገዢ የላከው ቀሚስ አልቀበልም ተብሎ ተመልሶበት፣ የፖስታውን ገንዘብ ከኪሱ ከፍሎ፣ በላዩ ላይ አንድ ኮከብ ተሰጥቶት ማን ደስ ይለዋል? ምክሩ ግን ልክ አይደለም። ሰው እሱን ሰምቶ «ለአሜሪካ ብቻ» የሚለውን ከመምረጡ በፊት የሌላውንም ወገን ይስማ ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ አንዳንዴም ጀበናና ረከቦት እሸጣለሁ። ኤትሲና ኢቤይ በሚባሉት የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ሱቅ አለኝ። ልብሱ የሚመጣልኝ ከሽሮ ሜዳ ነው። አሜሪካ ያሉ ደንበኞች አሉኝ፣ አላማርርም። ግን ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሰው ቀሚስ ሲያምረው መኪናውን አስነስቶ ሱቅ ሄዶ፣ ለክቶ፣ ተከራክሮ ይገዛል። ኖርዌይ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ያለች ልጅ የት ትሂድ? ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ነው፣ ወይ እህቷ ልትዳር ነው፣ በአቅራቢያዋ አንድ የሀበሻ ሱቅ የለም። ጥሩውን ጥበብ መርጣ፣ ዋጋ ሳትከራከር፣ ስትለብሰው ፎቶ ልካ የምታመሰግነኝ እሷ ናት። እኔ በሯን ስዘጋባት ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔም ትዕዛዙ ይቀንስበታል። እሱ ራሱ ሱቅ ከፍቶ ከውጭ ገዢ በካርድ ክፍያ መቀበል ቀላል ስላልሆነለት ነው እኛ መሃል የገባነው። ስለዚህ ይህን ነገር አቅልለን ባንተወው ጥሩ ነው።

እስቲ የጀርመኗን ገዢ ነገር ከስሩ እንየው።

ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ የተሸጠ ዕቃ፣ ዋጋው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ቫት ይከፈልበታል። ከዚያ በፊት እስከ 22 ዩሮ ያለው በነጻ ያልፍ ነበር፣ ያ ቀርቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕቃው እስከ 150 ዩሮ ከሆነ ኤትሲ ወይም ኢቤይ ራሱ ቫቱን ገዢዋ ስትከፍል አብሮ ይሰበስብና ያስገባል። ዕቃው ድንበር ሲደርስ ቫቱ ተከፍሏል ማለት ነው። ከ150 ዩሮ ሲያልፍ ግን ገበያው አይሰበስብም። ቫቱንም ቀረጡንም ገዢዋ ናት ዕቃው አገሯ ሲገባ የምትጠየቀው። ጀርመን ቫቱ 19 በመቶ ነው፣ ስዊድን 25 በመቶ። የሚሰላው ደግሞ የመላኪያው ገንዘብ ተደምሮበት ነው። አድራሹ ድርጅትም ጉምሩኩን ስላስጨረስኩልሽ ብሎ የራሱን ይጨምርበታል።

አንድ ሙሉ ጥበብ ቀሚስ ከነነጠላው በቀላሉ ከ150 ዩሮ ያልፋል። ገዢዋ ከፍላ ጨርሳለች፣ ቀኑን እየቆጠረች ነው፣ ድንገት በሯ ላይ ሌላ ሂሳብ መጣባት። ምን ታስብ? ሻጩ ደብቆኛል ነው የምትለው። አልቀበልም ትላለች። ዕቃው ተመልሶ ውቅያኖስ ያቋርጣል፣ አንዳንዴ ወር ይፈጃል፣ ሻጩ ይናደዳል፣ እሷም ትናደዳለች፣ ሁለቱም «ሌባ ነው» ይባባላሉ። ሌባ ግን የለም እዚህ ውስጥ። ማንም አልነገራትም፣ ያ ብቻ ነው የሆነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቀድመን መናገር የኛ ሥራ ነው። የዕቃው መግለጫ ላይ መጻፍ ብቻ አይበቃም፣ ማንም እስከ መጨረሻው አያነበውም። ከ150 ዩሮ በላይ የሆነ ነገር አውሮፓ ላለ ሰው ስሸጥ ከመላኬ በፊት እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ «እህቴ፣ ስለገዛሽኝ አመሰግናለሁ። ይህ ቀሚስ አገርሽ ሲገባ ቫትና ቀረጥ ትጠየቂያለሽ። ገንዘቡ ወደ እኔ አይመጣም፣ ለመንግሥትና ለአድራሹ ነው። ካልተመቸሽ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ ሳልልከው ገንዘብሽን እመልሳለሁ። ከተመቸሽ እሺ ብለሽ ጻፊልኝና ነገ ፖስት ኦፊስ እወስደዋለሁ።» አንዳንዷ ትተወዋለች። ትተወው። ሳይላክ የተሰረዘ ትዕዛዝ ሁለታችንንም ብዙ አያስከፍለንም። አብዛኛዋ ግን «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» ብላ ትቀጥላለች፣ ሂሳቡ ሲመጣም ከፍላ ትወስዳለች፣ ምክንያቱም አልደነገጠችም።

እንግሊዝ ደንቡ ተመሳሳይ ሆኖ ልኩ ሌላ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ወዲህ እስከ 135 ፓውንድ ያለውን ገበያው ይሰበስባል፣ ቫቱ 20 በመቶ ነው። ኖርዌይና ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል ስላልሆኑ የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ሁሉንም በቃል መያዝ አያስፈልግም፣ ትዕዛዝ በመጣ ቁጥር ያንን አገር ብቻ ማየት ነው።

አሁን ደግሞ ልቤን የሚያቃጥለውን ልናገር። «ቀረጥ እንዳይመጣብኝ የጉምሩክ ቅጹ ላይ ጊፍት (ስጦታ) ብለሽ ጻፊው።» ይህን የማይጠይቀኝ ገዢ ጥቂት ነው፣ በተለይ ወገን ሲሆን። «እህቴ የኛው ሰው አይደለሽ እንዴ፣ 20 ዶላር ነው በይው፣ ማን ያየዋል?» ይላሉ። ሻጮችም እንደ ደግነት ቆጥረውት ያደርጉታል። እኔ አላደርገውም፣ እናንተም አታድርጉት። ስጦታ የሚባለው ሰው ለሰው ያለ ክፍያ የሚልከው ነው፣ እሱም ቢሆን ከቫት ነጻ የሚሆነው አውሮፓ ኅብረት እስከ 45 ዩሮ፣ እንግሊዝ እስከ 39 ፓውንድ ድረስ ብቻ ነው። የተሸጠ ዕቃ ስጦታ አይሆንም። የጉምሩክ ቅጹ ላይ የሚፈርመው ገዢው አይደለም፣ ላኪው ነው። ቅጣት ቢመጣ፣ ዕቃው ቢወረስ፣ የናንተ ስም ነው ያለበት። ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋስ? 20 ዶላር ብላችሁ የፈረማችሁበትን ቀሚስ 250 ዶላር ነበር ብላችሁ ካሳ ልትጠይቁ ነው? በገዛ ፊርማችሁ ያረጋገጣችሁት 20 ዶላር ነው። ገዢው ደግሞ በገበያው በኩል ሙሉ ገንዘቡን አስመልሶ ይሄዳል። እሱ ምንም አልጎደለበትም። «ከ150 ዩሮ እንዳያልፍ በሁለት ፓኬጅ ለያይተሽ ላኪልኝ» የሚለውም ያው ነው። አንድ ትዕዛዝ አንድ ትዕዛዝ ነው።

ቅጹን ካነሳሁ አይቀር፣ «ልብስ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የሴት ቀሚስ፣ ጥጥ፣ በእጅ የተሸመነ፣ አዲስ፣ ብዛቱ ይህን ያህል ብላችሁ ዘርዝሩት። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለንግድ የሚላክ ዕቃ ሁሉ ባለ 6 አኃዝ የጉምሩክ መለያ ቁጥር እንዲኖረው አድርጓል፣ እሱን አንድ ጊዜ ፈልጋችሁ ለየዕቃው ጽፋችሁ አስቀምጡ። የተሠራበት አገር የሚለው ላይ ኢትዮጵያ ነው የሚጻፈው፤ ከሜሪላንድ ስለተነሳ አሜሪካ ብሎ የሚሞላ ሰው አይቻለሁ፣ ስህተት ነው። ብዙ ዕቃ በአንዴ ለሚያዝ የአውሮፓ ገዢ ደግሞ አንዳንዴ ከኛ ጓዳ ከሚነሳ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ቢላክለት ይሻለዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚመጣ ዕቃ፣ የትውልድ አገሩ ማስረጃ በደንቡ ከተሟላ፣ ቀረጥ አያስከፍልም። ቫቱ ግን አይቀርለትም። አሜሪካ ገብቶ እንደገና የወጣ ዕቃ ያ ዕድል የለውም። እንዲያውም እኛ ጋ ሲገባም አሁን ይከፈልበታል። ድሮ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ፓኬጅ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፣ ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ይህ ለሁሉም አገር ተነስቷል። ቀሚሱ ለምን ተወደደ ለሚሏችሁ ደንበኞች ይህንኑ ንገሯቸው፣ ይገባቸዋል።

ወንድማችን እውነት ያለው አንድ ቦታ አለ፣ እሱን መካድ አልፈልግም። ከዲሴምበር 13 ቀን 2024 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አዲስ የዕቃ ደኅንነት ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ወደ ኅብረቱ አገሮችና ወደ ሰሜን አየርላንድ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ እዚያው የሚኖር፣ ስለ ዕቃው ደኅንነት የሚጠየቅ ኃላፊ ሊኖረው ይገባል፤ ስሙና አድራሻው ከዕቃው ጋር መታየት አለበት። ብዙ ትንንሽ ሻጮች በዚህ ምክንያት አውሮፓን ዘግተዋል፣ አልፈርድባቸውም። ይህን አገልግሎት በክፍያ የሚሰጡ አሉ፣ ዋጋው ግን በዓመት ጥቂት ቀሚስ ለሚሸጥ ሰው ላያዋጣ ይችላል። ሰው ደግሞ «አክስቴ ሮም ስላለች ስሟን ጻፍኩ» ሲል እሰማለሁ። አክስትዎ የሚሆነውን አውቃ፣ በጽሑፍ ውክልና ተቀብላ፣ ባለሥልጣን ሲጠይቅ ወረቀት አቅራቢ ሆና ከሆነ ይሁን። ሳታውቅ ስሟን ማስገባት ግን ዘመድ ላይ የሚሠራ ነገር አይደለም። ይህን ማሟላት ያልቻለ ሰው አውሮፓን ይዝጋ። እንግሊዝን፣ ካናዳን፣ እስራኤልን፣ ዱባይን ግን ምን አድርገውት ነው አብሮ የሚዘጋቸው?

ስለ ቀን እንነጋገር፣ እዚህ ላይ እኛ ሀበሾች የራሳችን የሆነ ችግር አለን። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ደንበኛ ደግሞ ቀሚሱን የሚያዘው ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው፣ ልክ የዓለም ፖስታ ሁሉ በፈረንጆቹ ገና ተጨናንቆ ሳለ። ጥምቀት ላይ የሚደርስ የገና ቀሚስ ስንቱ ነው! ስለዚህ ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሬ ሱቄ ላይ በትልቁ እጽፋለሁ፦ ለገና የሚፈልግ ሰው እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ይዘዝ፣ ከዚያ በኋላ የሚያዝ ግን ለገና ይደርሳል ብዬ ቃል አልገባም። እስራኤል ያሉት ደግሞ ለሲግድ፣ ለቤተ እስራኤል በዓል፣ ነው የሚፈልጉት፣ እሱ ከዮም ኪፑር (ከአይሁድ የስርየት ቀን) 50 ቀን በኋላ ስለሚውል ኦክቶበር ማለቂያ ወይም ኖቬምበር ላይ ነው፤ ለነሱ ኦገስት ላይ ነው መነሳት። የማይሆነውን ቀን ነግሮ ከማስደሰት ቀድሞ እውነቱን ነግሮ ማሳዘን ይሻላል።

ቀን ሲጻፍም ተጠንቀቁ። 5/6 አሜሪካ ውስጥ ሜይ 6 ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ጁን 5። ወገን ደግሞ «ለ20 ይድረስልኝ» ሲል ታኅሣሥ 20 ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ ያ ዲሴምበር 29 ነው። የወሩን ስም በፊደል፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ላኩለትና «ልክ ነው?» በሉት። የልብስ ልክም እንደዚያው ነው። ስሞል፣ ሚዲየም እያሉ መሸጥ ይቅርባችሁ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ከትከሻ እስከ እግር በሴንቲሜትር ጠይቁ። ከአውሮፓ ሸማች መብት አንዱ በርቀት የገዛውን ዕቃ ምክንያት ሳይሰጥ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ነው። በራሱ ልክ ተሰፍቶለት ከሆነ ግን ይህ መብት የለውም። ስለዚህ ልኩን በጽሑፍ መቀበል ለሁለታችሁም ይጠቅማል።

ወደ ዐረብ አገር መላክ ብቻውን ደብዳቤ ይፈልጋል። እዚያ ከሚገዙኝ ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው። ገንዘቧን አጠራቅማ ለራሷ ወይም አገር ላለች እናቷ ጋቢ ትገዛለች። አድራሻዋ የአሠሪዋ ቤት ነው። ፓኬጁ ሲመጣ አድራሹ ደውሎ «የት ነሽ?» ይላል፣ እሷ ሥራ ላይ ሆና ስልክ አታነሳም፣ ወይም ውጪ መውጣት አይፈቀድላትም፣ ከዚያ ተመላሽ ይሆናል። እንዲህ ያለችን ልጅ «አጭበርባሪ» ማለት ነውር ነው። ከመላካችሁ በፊት ጠይቋት። ማን ይቀበልልሻል? የሚነሳ ስልክ የማን ነው? ዕረፍት የምትወጪው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ ሀበሻ ሱቅ ወይም ጸጉር ቤት የሚሠራ የምታምነው ሰው አላት፣ በሱ ስምና ስልክ ቢሄድ ይደርሳታል። ሳዑዲ ከሆነ 4 ፊደልና 4 ቁጥር ያላት አጭር ብሔራዊ አድራሻ አለች፣ እሷን ተቀበሉ። ደግሞ ሳዑዲ የሚሄድ ቀሚስ ላይ መስቀል የተጠለፈበት ከሆነ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ስለሚችል ቀድማችሁ ንገሯትና ሌላ ጥለት ምረጡ። ይህን ሁሉ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። ግን የአንዲት ልጅ የወር ደመወዝ ነው።

እዚያው ሰፈር ሌላም ነገር አለ። ገዢው ሪያድ ወይም ዱባይ ሆኖ የሚሰጣችሁ አድራሻ ግን አሜሪካ ያለ የአስተላላፊ ድርጅት መጋዘን ሊሆን ይችላል። ይህ የተለመደ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም። ኢቤይ ላይ ዕቃው መጀመሪያ ከተላከበት አድራሻ ወደ ሌላ ከተላለፈ የገዢው ዋስትና አብሮት አይሄድም፣ የናንተ ኃላፊነት መጋዘኑ ድረስ ነው። ይህንንም ለገዢው ንገሩት፣ ብዙዎቹ አያውቁትም።

እስራኤል የፖስታ ቁጥሩ 7 አኃዝ ነው፣ ባለ 5 አሮጌውን የሚሰጣችሁ ሰው ካለ አዲሱን ጠይቁት። አድራሻውን በዕብራይስጥም ጽፎ ከላከላችሁ አትማችሁ ከላቲኑ ጎን ለጥፉት። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ተቀባይ ደግሞ የፖስታ ሳጥን ቁጥርና ስልክ ከሌለ አትላኩ፣ የቤት ቁጥር ብቻ አያደርሰውም።

አጭበርባሪ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ግን ሥራው ተመሳሳይ ስለሆነ ቶሎ ይለያል። ስለ ዕቃው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ «እገዛለሁ፣ ወኪሌ መጥቶ ይወስደዋል» ይላል። ከዋጋው በላይ ቼክ ልኮ ትርፉን መልሱልኝ ይላል፤ ቼኩ ሒሳባችሁ ላይ የገባ ይመስላል፣ ከሳምንታት በኋላ ባንኩ መልሶ ይወስደዋል፣ እናንተ የላካችሁት «ትርፍ» ግን ሄዷል። «ክፍያ ተፈጽሟል» የሚል የሐሰት ኢሜይል ይልካል፤ ኢሜይሉን ተዉትና ራሳችሁ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ እዩ። ከከፈለ በኋላ አድራሻ ይቀይራል፤ እንዲህ ሲሆን ትዕዛዙን ሰርዛችሁ በትክክለኛው አድራሻ እንደገና እንዲገዛ አድርጉ። ስልካችሁ ላይ በመልእክት የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ንገሩኝ ይላል፤ ለማንም አትንገሩ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሌጎስም ሆነ ላስ ቬጋስ ሊቀመጥ ይችላል፣ ውጭ አገር መዝጋት አያድናችሁም።

የሚያድነው ነገር ከገበያው አለመውጣት ነው። የኛ ሰው መደወል ይወዳል። «ስልክሽን ስጪኝ፣ በዋትሳፕ እንጨርሰው፣ ለኤትሲ ምን ትከፍይዋለሽ?» ይላል። ማውራቱ ግድ የለም፣ እኔም አወራለሁ፣ ደስ ይለኛል። ገንዘቡ ግን እዚያው በገበያው በኩል ይለፍ። በስልክ የተስማማችሁትንም መልሳችሁ በገበያው መልእክት መላኪያ ጻፉት፣ ከአማርኛው ሥር በእንግሊዝኛም አንድ ሁለት መስመር ጨምሩበት። ክርክር ቢነሳ ጉዳዩን የሚያየው ሠራተኛ አማርኛ አያነብም። ቀረጡን ነግሬያት ነበር ብትሉ ያላነበበውን አይቆጥርላችሁም።

ዕቃ አልደረሰኝም የሚል ክስ ሲመጣም አትደንግጡ፣ አትሳደቡም። ኢቤይ ላይ 3 የሥራ ቀን አላችሁ ለመመለስ፣ ዝም ካላችሁ ነው የምትሸነፉት። የመከታተያ ቁጥሩን አስገቡ። ከ750 ዶላር ጀምሮ ኢቤይ የተቀባይ ፊርማ ይፈልጋል፣ ያለዚያ ደርሷል ብትሉ አይሰማችሁም። ከአሜሪካ በርካሹ የፖስታ አገልግሎት የሚላክ ፓኬጅ፣ እሱም ክብደቱ እስከ 4 ፓውንድ የሚሆነው ነው፣ አንዳንድ አገር ሲገባ መከታተያው ይቆማል። ነጠላ በዚያ ይሂድ። ውድ ቀሚስ ግን እስከ በር ድረስ በሚታይ መንገድ ይሂድ፣ ልዩነቱን ገዢው ይክፈል፣ ቀድማችሁ ከነገራችሁት ይከፍላል። ጀበና ስትልኩ ስታሽጉ ፎቶ አንሱ። ይህ ሁሉ ራስ ያዞረኛል የሚል ሰው ደግሞ ኢቤይ ላይ ዓለም አቀፍ የመላኪያ አገልግሎት አለ፤ ዕቃውን አሜሪካ ውስጥ ወዳለው መጋዘናቸው ብቻ ትልካላችሁ፣ ጉምሩኩንም ቀረጡንም እነሱ ይጨርሱታል፣ ከዚያ በኋላ ጠፋ የሚለውም ጣጣ የነሱ ነው። ወንድማችን ሁሉንም ከመዝጋቱ በፊት እሱን ይሞክረው።

ምን እንደሚሸጥም ትንሽ ልበል። ቅቤ ወደ አውሮፓ በፖስታ አይሄድም፣ ከወተትና ከሥጋ የተሠራ ነገር ከኅብረቱ ውጭ በግለሰብ ፓኬጅ አይገባም። «ለአንድ ኪሎ ማን ያየኛል» አትበሉ፣ ሲያዝ ከጎኑ ያለው በርበሬና ቀሚስም አብሮ ይታገዳል። ከሁሉም በላይ የብራና መጽሐፍና ጥንታዊ መስቀል የምትሸጡ፣ እባካችሁ ተዉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። በ2021 እንግሊዝ ዶርሴት ውስጥ ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎች ለጨረታ ቀርበው ኢትዮጵያ ባነሳችው ጥያቄ ከጨረታው ወጥተዋል። መንግሥት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የተዘረፈውን እየለመነ ሲያስመልስ እኛ በፖስታ የቀረውን ማሟጠጥ የለብንም። የውጭ ገዢ ለዚህ ብዙ ዶላር ይሰጣል። አትቀበሉ።

አዘጋጁን ሁለት ነገር ልለምን። አንደኛ፣ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ለገና፣ ከፋሲካ በፊትም ለፋሲካ፣ ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስራኤልና ወደ ዐረብ አገር ፓኬጅ የሚላክበትን የመጨረሻ ቀን የሚያሳይ ትንሽ ሠንጠረዥ ብታወጡልን፤ ቀኖቹን ከፖስታ ቤት አጣርቶ ለማምጣት እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ሁለተኛ፣ ከማኅበረሰባችን የጉምሩክ ሥራ የሚያውቅ ሰው ካለ ስለ አውሮፓው የደኅንነት ደንብ በአማርኛ እንዲጽፍልን ጋብዙት። ያ ኃላፊ የሚባለው ሰው ነገር ለብዙዎቻችን ገና አልጠራም፣ ብዙ ሻጮች ተሰባስበን አንድ ሰው በጋራ መቅጠር እንችል እንደሆነም ቢነግረን እንወዳለን። ወንድማችን የጀርመኑ ቀሚስ ተመልሶለት እጁ ላይ ካለ በናንተ በኩል ይጻፍልኝ፣ ስዊድን ያለች አንዲት ደንበኛ በዚያ ልክ እየፈለገች ነው፣ ስለ ቫቱም ነግሬያታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ